የእልልታ አስጀማሪዋ

ዛሬ ጧት ለከተማችን ልደት በዋናው መንገድ ላይ ያቆማችሁት የባሕር ዛፍ ቅስት፣ መረር ያለው ሽታው እስከ ደጃችን መጣ። አንቺ ደግሞ፣ ልጄ፣ ነገ እልልታውን አያቴ ትጀምርልን ብለሽ ለመንሽኝ። አይሆንም አልሁሽ። ቁጣዬን እንጂ ምክንያቱን አልነገርሁሽምና ስሚኝ።

በደርግ ጊዜ ነው። ከተማችን የተቆረቆረችበት ሃምሳኛ ዓመት ሊከበር ሽር ጉድ ይባል ነበር። ከቡሬ ኖራ መጥቶ የሱቆቹ ግድግዳ ሁሉ ነጣ። በመንገዱ ላይም እንደ ዛሬው የባሕር ዛፍ ቅስት ቆመ። እኔ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሬ ስለነበር መፈክር በጨርቅ ላይ እንድጽፍ ታዘዝሁ። ታላቅ ወንድሜ ባለጋሪ ነበር፤ ፈረሱን አጥቦ ግንባሩ ላይ ቀይ ክር አሰረለት።

ያን ጊዜ ሰርግም ይሁን ጥምቀት፣ አያትሽ ሳትጀምር እልል የምትል ሴት አልነበረችም። ሌሎቹ አፋቸውን በነጠላ ይዘው እሷን ይጠብቁ ነበር። በዋዜማው የቀበሌው ሊቀመንበር ቤታችን መጥቶ ከፍኖተ ሰላም እንግዶች በመኪና እንደሚመጡ ነገራት። «እመት፣ ገና ከዳገቱ ብቅ ሲሉ ይጀምሩልን፤ ከተማዋ ሞቅ ብላ ትታይ» አላት። እሱም የሚመጣውን አያውቅም ነበር ይላሉ። ማመን ይከብደኛል፤ ግን ባላየሁት ሰው አልኮንንም።

በማግስቱ ሕዝቡ ሜዳው ላይ እንደተሰበሰበ ሸራ የለበሱ መኪኖች ከዳገቱ ብቅ አሉ። አያትሽ ነጠላዋን አደግድጋ ወደ ፊት ወጣችና ጀመረች። ሴቶቹ ተቀበሏት። ወንድሜ ጋሪው ላይ ቆሞ የእናቴ ድምፅ ሞተሩን ዋጠው እያለ ጓደኞቹን ያስቅ ነበር። መኪኖቹ ሜዳውን ከበው ቆሙ። ሸራው ሲገለጥ እንግዳ የለም፤ ጠመንጃ የያዙ ወታደሮች ናቸው። ከኋላ የነበሩት ሴቶች ነገሩ እስኪገባቸው ድረስ እልል ይሉ ነበር።

ለውትድርና የደረሰውን ሁሉ አፈሱት። እኔን የቁመቴ ማጠር አዳነኝ። ወንድሜ መኪናው ላይ ሆኖ፣ «ፈረሱን ከጋሪው ፍታው፤ ውኃ አልጠጣም» አለኝ። እናታችንን ግን ዓይን ዓይኗን ብቻ አያት። ቆይቶ ከአስመራ በኩል አንድ ሰላምታ በሰው ደረሰን። ከዚያ ወዲያ የለም።

ሸራው ሳይገለጥ አታጨብጭቡ እያልሁ የማሰለቻችሁ ከዚያ ጀምሮ ነው። የአባት ንዝንዝ ትሉታላችሁ፤ በሉት።

በእኔ ሰርግ፣ እናትሽ ከደጅ ስትደርስ፣ ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው ዝም ብለው አያትሽን ጠበቁ። እሷ አፏን በነጠላዋ ይዛ መሬት መሬት አየች። እናትሽ ወደ ቤቴ የገባችው ያለ እልልታ፣ በእግር ኮቴ ድምፅ ብቻ ነው። በዚህ አማቷን አንድ ቀን እንኳ ወቅሳ አታውቅም።

ዛሬ ጧት አያትሽ በር ላይ ተቀምጣ ሳለ የቅጠሉ ሽታ ደረሳት። «የገባ መኪና አለ እንዴ?» አለችኝ።

«የለም፣ እማየ» አልኋት።

ነገ እንግዶቻችሁ ከመግባታቸው በፊት ወደ ሽንዲ፣ እህቴ ዘንድ ይዣት እሄዳለሁ። እናንተ አክብሩ፤ ከተማዋ ምን አጠፋች? ብቻ እስከዚያ ቅጠሉን ከደጃችን ራቅ አድርጉልኝ።