ጠርዙን የምትመታው ጠመንጃ

ባለቤቴ ከአያቱ የወረሰው አንድ ጠመንጃ ነበረው። ያኔ የምንኖረው ጋይንት፣ ከቤተ ልሔም ገዳም ቁልቁል ባለች አጥቢያ ነው። ብረት ያለው ጎረቤት ሁሉ ውጅግራ ወይም ምንሽር ነበር የሚይዘው፤ የእኛዋን የሚመስል ግን አልነበረም። ሰደፏን ብል የበላው፣ አፈሙዟ ወፍራም፣ ጎኗ ላይ ማንም የማያነበው የፈረንጅ ጽሕፈት ያለባት ነበረች። መንደርተኛው «አሮጊቷ» ይላት ነበር፤ እኛም ስሟን ተቀበልነው።

ጥይቷም እንደሷ ሌላ ነው። አጭር፣ ደንዳና፣ ቀይ መዳብ። የሌላው ጠመንጃ ጥይት ቂጡ መሃል ላይ ምስር የምታህል ክብ ነገር አለችው፤ መርፌው እሷን ሲመታ ነው እሳት የሚነሳው። የአሮጊቷ ጥይት ቂጥ ግን ልሙጥ ነው። እሳቱ የተደበቀው በጠርዙ ዙሪያ ስለሆነ መርፌዋም የምትመታው ጠርዙን ነው።

ይህን ያወቅሁት በሠርጌ ዕለት ነው። ሙሽራው ሚስቱን ይዞ ከደጁ ሲደርስ መተኮስ ወግ ነበር። ምላጩን ሲስበው ቀጭ ብላ ዝም አለች። ሚዜዎቹ ሳቃቸውን ለቀቁት።

«ጉድ ነው፣ አሮጊቷ እምቢ አለች!»

«ጠመንጃው ይሁን፤ ሙሽራውም እንዲህ እንዳይሆን ብቻ!»

እኔ በተያዘልኝ ጥላ ሥር አንገቴን ደፍቼ ላብ አጠመቀኝ። እሱ ግን ሳይደነግጥ ጥይቱን አወጣና በጣቱ ትንሽ አዙሮ መልሶ አጎረሳት። በሁለተኛው አገሩን አንቀጠቀጠችው። በኋላ ብጠይቀው፣ «እሳቱ በአንድ ወገን ቢሞት በሌላው ወገን አይሞትም፤ ማዞር ብቻ ነው» ብሎ መርፌዋ ጠርዙ ላይ የተወችውን ምልክት አሳየኝ። ከዚያ ወዲህ የጥይቶቹ ጠባቂ እኔ ሆንኩ። በጨርቅ ጠቅልዬ ከምሰሶው ላይ በተሰቀለ ቅል ውስጥ አስቀምጣቸው ነበር።

ተጨማሪ ግን አልተገኘላትም። ንፋስ መውጫ ገበያ አንድ ሙስሊም ነጋዴ ነበሩ፤ የጠፋ ዕቃ ሁሉ እሳቸው ዘንድ ይገኛል ይባላል። ባለቤቴ አንዷን ጥይት ይዞላቸው ሄደ። በመዳፋቸው መዘን አድርገው፣ «ልጄ፣ ይቺን የሠሩት ሰዎች የልጅ ልጆቻቸውም አርጅተዋል። ስማኝ፣ ሽጠህ በሬ ግዛባት» አሉት።

«ማን ይገዛኛል?»

«እሱስ እውነትህን ነው። እኔም አልገዛህ» ብለው ሳቁ።

እንግዲህ ነገሩ ሲመጣ በቤታችን የቀሩት ሦስት ጥይቶች ነበሩ።

ነገሩ የመጣው በኅዳር ነው፤ የነቢያት ጾም ገብቶ፣ ገብሱ ታጭዶ ሳያልቅ። የቤተ ልሔሙ መሪጌታ ግጦሽ ላይ የለቀቋት በቅሎ በጥይት ተመትታ ከገብስ ማሳ ዳር ተገኘች። ማን እንደገደላት አልታወቀምና አጥቢያ ዳኛው አውጫጭ ጠሩ።

አሁን የምኖረው ከልጄ ጋር ጅማ ነው። እዚህ ላሉት የልጅ ልጆቼ አውጫጭን ስነግራቸው ተረት ይመስላቸዋል። የአጥቢያው ወንድ ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። የሚያውቅ ሰው ለተመረጡት ሽማግሎች በጆሯቸው ይነግራል፤ እነሱም «ወፍ እንዲህ አለችን» ብለው ለዳኛው ያወጡታል። ወፏ ማን እንደሆነች መጠየቅ ክልክል ነው።

በሁለተኛው ቀን ወፏ «የአሮጊቷን ድምፅ ሰምቻለሁ» አለች። ማን እንደሆነ አልጠየቅንም፤ ግን አወቅነው። በድንበር የሚካሰሰን ጎረቤታችን በጆሮ ሲናገር እንኳ ከወንዝ ማዶ ይሰማል። በዚያ ላይ በቅሎዋ ከወደቀችበት አጠገብ አንድ የተተኮሰ ጥይት ቀለህ ተገኘ፤ አጭር፣ ደንዳና፣ ቀይ። ሰው ሁሉ ወደ ባለቤቴ ዞረ።

ጥፋቱ ቢጸናበት ታስሮ ወደ ደብረ ታቦር ይሄዳል። ገብሱ እሜዳ ይቀራል። እኔ ደግሞ ያሁኗን ልጄን አርግዤ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ፤ አማቴም ከአልጋ አትነሳም። የጭቃ ሹሙ ሰው መጥቶ፣ «እመቤት፣ ነገ ጠዋት ብረቷንና ያሏችሁን ጥይቶች ይዘሽ እንድትመጪ ዳኛው አዘዋል» ሲለኝ ቅሉን ከምሰሶው አወረድኩ።

ያን ጊዜ ያደረግሁትን ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል፤ ያኔ ግን ከልቤ ነበር። በእኛ አገር ለታመመ ሰው፣ ለታመመ ከብት፣ ለዘር እህል ሳይቀር ጠበል ይረጫል። እኔም ወደ ማርያም ጠበል ወረድኩና በቅል ቀድቼ ተመለስኩ። ሦስቱን ጥይቶች በዋንጫ አድርጌ ጠበሉን ሞላሁባቸው። «እመቤቴ፣ እውነቱን ይመስክሩ» ብዬ ክዳን ከደንኩላቸው። እስከ ማግስቱ ጠዋት እዚያው ዋሉ፣ እዚያው አደሩ።

ጠዋት ሳወጣቸው ውሃው አረንጓዴ ሆኗል። እኔማ ኃጢአታችን የታጠበ መስሎኝ ደስ አለኝ። ጠርጌ ጠቀለልኳቸው፣ ጠመንጃውን በአንድ ትከሻ፣ ለባለቤቴ የያዝኩትን ዳቦና ቆሎ በሌላው አድርጌ ዳገቱን ተያያዝኩት። እኩሌታው ላይ ስደርስ ቆምኩ። ባሩድ። ውሃ። ማንም ሳይነግረኝ፣ እዚያ ዳገት ላይ ብቻዬን፣ ገባኝ።

መመለስ አልችልም። ብመለስስ ምን ላመጣ?

ሜዳው ላይ ሰው ተኮልኩሏል። ምግብ ይዘን የመጣን ሴቶች ዳር ላይ ተቀመጥን። ከጎኔ የተቀመጠችው ከእኛ በላይ ያለው ቤት ሴት ነበረች፤ እሳት የምንዋዋስ፣ ዝምተኛ፣ ባሏም እንደሷ ዝምተኛ። እጄን ያዘችኝ። «አይዞሽ እቴ፣ ማርያም ታውቃለች» አለችኝ።

ያ ድንበረተኛችን የተገኘውን ቀለህ ተቀበለና ወደ አሮጊቷ ጉሮሮ ከተተው። ገባ።

«ገባ! አያችሁ? ገባ!» አለ። ሜዳው አጉረመረመ።

ባለቤቴ ሁለት ሌሊት መሬት ላይ አድሮ ድምፁ ጎርንኗል። ወደ ዳኛው ዞሮ፣ «ጌታዬ፣ የእኔም እግር በእርስዎ ጫማ ውስጥ ይገባል። ጫማው ግን የእኔ አይደለም» አለ።

አንዳንዱ ሳቀ። ዳኛው አልሳቁም። «ታዲያ ያንተን በምን እንለየው?»

«ይቺ ጠመንጃ የምትመታው ጠርዙን ነው። የያዛችሁት ቀለህ መሃሉን ነው የተመታው።»

«ደግሞ የጠርዝ መጣ!» አለ ድንበረተኛው። «ጥይት ቂጡ መሃል ካልተመታ እንዴት ይተኩሳል? ክርክር ፈጠራችሁ!»

ዳኛው፣ «ነገር አታብዛ። ይተኩስና እንየው» አሉ።

ጨርቁን ፈትቼ አንዷን ስሰጠው ቀና ብዬ አላየሁትም። ባለቤቴ አየኝ፤ ፍርሃት መስሎታል። ወደ ገደሉ አነጣጠረና ሳበ።

ቀጭ።

ድንበረተኛው ተንደርድሮ መጥቶ ጨርቁን ነጠቀኝ። «እርጥብ ነው! እዩት፣ እርጥብ ነው! እንዳይተኩስ በውሃ ዘፍዝፈው አመጡት!»

ባለቤቴ ፊቱ ተለወጠ። እሱ ምንም አያውቅም። ዝም ብል ተንኮሉ የእሱ ይሆናል፤ ብናገር መሳለቂያ እሆናለሁ። ከመሳለቂያ ምን አለኝ ብዬ ተነሣሁ።

«እኔ ነኝ ጌታዬ። እሱ አያውቅም።»

«ለምን አደረግሽው?»

«ውሃ አይደለም፣ ጠበል ነው። እውነቱን እንዲመሰክሩ ብዬ ነው።»

ከዚያ የበቅሎዋ ባለቤት፣ መሪጌታው፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቀና አሉ። «ልጄ» አሉኝ፣ «እኛ ሰውን በአርባና በሰማንያ ቀኑ እናጠምቃለን። የጥይት ቀኑ ስንት ሆኖ አገኘሽው?»

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። ዳኛው እንኳ በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፈኑ። እኔ አፈር ልግባ አልኩ፤ ነገር ግን ሳቁ ውስጥ ክፋት አልነበረም፤ ትንሽ ትንፋሽ ተመለሰልኝ።

«ይሳቅ፣ ይሳቅ» አለ ድንበረተኛው። «ያልተኮሰ ምን ይመሰክራል?»

«ትንሽ ታገሠኝ» አለው ባለቤቴ። ጥይቱን አውጥቶ አዞረና መለሳት። ቀጭ። አስቀምጦ ሁለተኛዋን አጎረሰ። ቀጭ። ቀና ብሎ አየኝ። ይቆጣል ብዬ ነበር፤ አልተቆጣም፤ እንደ ሠርጋችን ቀን ዓይነት ፊት ነው ያየሁበት። አወጣት፣ በአውራ ጣቱ ጠራረጋት፣ አዞራት፣ መለሳት።

እኔ «በስመ አብ» ብዬ ሳልጨርስ ጮኸች። ከገደሉ ማዶ ዝንጀሮዎቹ እየተንጫጩ ተበታተኑ። ጭሱ ነጭ ሆኖ ሜዳውን ሸፈነውና ለጥቂት ጊዜ ማንም ማንን አላየም።

ዳኛው ቀለሁን ተቀብለው ለመሪጌታው ሰጧቸው። በቅሎዋ የእሳቸው ናት፤ ደቃቅ ጽሕፈት ሲያነቡ የኖሩ ዓይንም አላቸው። የተገኘውንና የተተኮሰውን በመዳፋቸው ጎን ለጎን አድርገው፣ ያልተኮሰችውንም ጨምረው፣ ወደ ፀሐዩ ዞሩ። እየቆዩ ነው ያዩት። ያን ያህል ረጅም ጊዜ በሕይወቴ አላሳለፍኩም።

«ይህ መሃሉን ተመትቷል» አሉ በመጨረሻ። «ይህ ዳሩን፣ በሁለት በኩል። ያልተኮሰችውም እንደዚሁ ዳሯን ተነክሳለች። የአንድ እጅ ጽሕፈት አይደሉም። የእኔን በቅሎ ይህ ሰው አልገደላትም።»

ዳኛው ድንበረተኛውን አዩት። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞረው፣ «እንግዲያው መንገዱን አግኝተናል። ብረት ያለው ሁሉ እየመጣ በፊታችን ይተኩስ፤ ቀለሁን እናያለን» አሉ።

እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ብዬ ሳልጨርስ የጎረቤቴ እጅ በእጄ ውስጥ በረደ። ባሏ ከወንዶቹ መሃል ተነሥቷል። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ሰው አታድክሙ» አለ። «እኔ ነኝ። ከገብሱ ውስጥ ሲንቀሳቀስ ዝንጀሮ መሰለኝና ተኮስኩ፤ የእኔም ጥይት አጭርና ቀይ ነው። የየኔታ በቅሎ መሆኗን ሳይ አፌ ተያዘ። ይህ ወንድሜ ሲጠረጠርም ተያዘብኝ። ይህኛው ነው የሚብሰው።»

ሚስቱ አታውቅም ነበር። እጄን አልለቀቀችም፤ እኔም አልለቀቅኳትም። ከእኔ የወረደው ሸክም ወዲያው እሷ ላይ ሲያርፍ ማየት ደስታዬን አሳፈረኝ። ግን አልዋሽም፤ ደስታው ከሐፍረቱ ይበልጥ ነበር።

መሪጌታው ወደ እሱ ቀረቡ። «አውቀህ ብታደርገው ኖሮ እርግማኔ ባልለቀቀህ» አሉት። «ሳታውቅ ነው። ሌላ በቅሎ እስክታመጣልኝ ድረስ ግን ገበያ ስወርድ መጽሐፌን የምትሸከመው አንተ ነህ። ቁልቁለቱ ላይ እንደሷ ቀስ እያልክ።»

ሰው ሳቀ፤ እሱም እንባው እየወረደ ሳቀ፤ ሚስቱም ያኔ ነው የተነፈሰችው። ዳኛውም ወደ ደብረ ታቦር ሳይጽፉ፣ «ታርቀዋል» ብለው አውጫጩን በተኑ።

ወደ ቤት ስንወርድ ባለቤቴ ዳቦውን እየሄደ በላ። አንዴ ብቻ ቆም ብሎ፣ «እኔንስ ቢሆን ቀድመሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አለኝ። «መቼ? ከሽማግሎች መሃል ተቀምጠህ?» አልኩት። አሰበና፣ «እሱስ ነው» ብሎ ቀጠለ።

ቤት እንደደረስን እናቱን እጅ ነሥቶ፣ ከደጁ ጥላ ሥር ቁርበት ላይ ጋደም አለ፤ ጫማውን እንኳ አላወለቀም። ፀሐይ ገና እኩሌታ ላይ ነች፤ ማሳው ላይ ያልታጨደ ገብስ እየጠበቀ ነው። በሌላ ቀን ቢሆን «ተነሥ፣ ሳይረግፍ» እል ነበር። ያን ቀን ግን አጠገቡ ተቀምጬ ዝንቡን እያባረርኩለት፣ ከሦስት ቀን በኋላ የራሴን ረሃብ አስታወስኩና ከቆሎው ዘገን አድርጌ፣ እንዳይነቃ ቀስ እያልኩ ቆረጠምኩ።