በሙሽራዋ ነጠላ ላይ የተኛችው የእሳት ራት

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ከእንጦጦ ስትመለስ በስልኳ ያነሳችውን ፎቶ አሳየችኝ። ቢጫ ክንፏ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያለባት የእሳት ራት ግንድ ላይ ተለጥፋለች። "እማማ፣ ስሟን ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት" አለችኝ። እኔም በአሥራ ሰባት ዓመቴ ፈልጌው ነበር።

አባቴ ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነበር። የምንኖረው ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ የሽመና ዕቃው ግማሹን በያዘው አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ነው። ኅዳር ላይ ከእንጦጦ ቁልቁለት ስድስት አባ ጨጓሬዎች ለቅሜ መጣሁ። ጥቁር ፀጉራቸው መሀል ብርቱካንማ መስመር ነበራቸው። የባዮሎጂ መምህራችን መጽሐፉን ደጋግሞ አገላበጠና፣ "እንዲህ ያለች አይቼ አላውቅም። ክንፍ ስታወጣ አምጪልኝ፤ ያኔ ምን እንደሆነች እናውቅ ይሆናል" አለኝ። ከዚያ ወዲያ ሥራዬ ቅጠል መልቀምና ያኖርኳቸውን ካርቶን መጥረግ ሆነ። አምስቱ ሞቱ፤ ስድስተኛዋ አንድ ቀን ከካርቶኑ ጠፋች። ሳምንታት ፈልጌ ተስፋ ቆረጥኩ።

ያገኛት አባቴ ነው። ለጥር ሰርግ የታዘዘውን የሙሽራ ነጠላ ጨርሶ አጥፎ አስቀምጦት ነበር። ረቡዕ ዕለት ሲዘረጋው፣ ጥለቱ ዳር ላይ ከገዛ ፀጉሯና ከክሯ ጎጆ ሠርታ ተኝታበታለች።

"አባባ፣ አይንኩብኝ። ከነቀሏት ትሞታለች፤ የቀረችኝ እሷ ብቻ ናት።"

"ዓርብ ይወስዱታል፣ ልጄ።"

መቀሱን አነሳ፤ መልሶም ሰቀለው። "እንግዲህ እስከ ዓርብ" አለ።

ሐሙስ አለፈ። ዓርብ ጠዋት ያቀረብኩለት ቆጮ ሳይነካ ደረቀ። ረፋዱ ላይ የሙሽራዋ እናት እትዬ አበራሽ መጡ። አባቴ አጥፎ ሊሸፍነው ይችል ነበር፤ ግን ዘርግቶ አሳያቸው።

"ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?"

"የልጄ ናት። እስክትወጣ እየጠበቅን ነው።"

"ነገ ልጄን እንደምድር ያውቃሉ?"

"አውቃለሁ።"

"ሽሮ ሜዳ ሙሉ ሸማኔ ነው።"

"እሱንም አውቃለሁ።"

ሴትየዋ በርጩማው ላይ ተቀመጡ። እኔ በሩን ተደግፌ ቆምኩ። ከውጭ የታክሲ ረዳቶች ጩኸት ይሰማል።

እኩለ ቀን ሲቃረብ ጎጆው ተነቃነቀ። እርጥብ፣ ክንፏ የተጨማደደ ሆና እየተጎተተች ወጣችና የነጠላው ጠርዝ ላይ ተንጠለጠለች። ክንፎቿ ቀስ በቀስ ተዘረጉ፤ ቢጫው ወጣ፣ ነጠብጣቡ ወጣ። በደስታ ልናገር አፌን ስከፍት፣ ከሆዷ ዝገት የመሰለ ጠብታ ወርዶ ነጩ ላይ አረፈ።

እትዬ አበራሽ ጣታቸውን በምራቅ አርሰው ፈተጉት። ይባሱን ተስፋፋ። አባቴ አቀረቀረ። ሴትየዋ እሱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ የእሳት ራቷን ረጅም ጊዜ አዩ።

"ይቁረጡት በቃ" አሉ። "ልጄም አጭር ናት።"

አባቴ ሦስት ጣት ያህል ቆረጠ። የቀረውን ቀን ሙሉ አጎንብሶ ክር እየመዘዘ አዲስ ዘርፍ ሲሠራ ዋለ። እኔ በብርጭቆ ይዣት ወደ መምህሬ ሮጥኩ። እሱም ሥዕሏን ሥሎ ለሚያውቁ ሰዎች ላከ፤ ትምህርት ቤቱን እስክለቅ ድረስ መልስ አልመጣም።

ያኔ ዓይኔ ከእሳት ራቷ ሌላ አላየም። እትዬ አበራሽ ተነስተው ቢወጡ ኖሮ፣ በዚያ ሰፈር አባቴን ሥራ የሚያዘው እንደማይኖር የገባኝ እኔም ልጆች አሳድጌ ነው። ለምን እንደጠበቀልኝ አንድ ቀን እጠይቀዋለሁ እያልኩ ዓመታት አለፉ። እሱም ሳይነግረኝ አረፈ።