ምች ያሉት ትኩሳት

በነርስነት ሥራ የጀመርኩት ልደታ ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል፣ በቀዶ ሕክምና ክፍል ነው። በመጀመሪያው ቀን የነርሶች አለቃዋ ማትሮን ጎዝና መቀስ የተደረደረበት ትሪ አስያዙኝና የአራተኛውን አልጋ በሽተኛ ቁስል አጥቤ እንዳሽግ ላኩኝ።

በሽተኛው ጋሽ ሰይድ ይባላሉ፤ አብነት ሰፈር ጫማ ሰፊ ናቸው። ታክሲ ገጭቷቸው ጣፊያቸው ስለፈነዳ ሐኪሙ አውጥቶታል። ፕላስተሩን ስልጥ መቀሱን መሬት ላይ ጣልኩት። "አይዞሽ ልጄ፣ እኔም መጀመሪያ የሰፋሁት የራሴን ጣት ነው" አሉኝ። በሥራዬ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቅኩት ያኔ ነው፤ ከዚያ በፊት ላለቅስ ነበር።

ከሆስፒታል ሲወጡ ያስረዳኋቸው እኔ ነበርኩ። ጣፊያ የሌለው ሰው አንዳንድ ጀርሞችን የመቋቋም አቅሙ ይቀንሳል፤ ቀላል የመሰለ ትኩሳት በሰዓታት ውስጥ ሊገድለው ይችላል። ለእነዚህ ጀርሞች የሚሰጠው ክትባት ያኔ እኛ ጋ አልነበረም። "ትኩሳት ከተሰማዎት ሳይውሉ ሳያድሩ ይምጡ" አልኳቸው። እሳቸውም ባለቤታቸውም ቃል በቃል ደገሙልኝ።

ለሁለት ዓመት የመከላከያ ፔኒሲሊን ክኒናቸውን ሊወስዱ ይመጡ ነበር። ከበር ላይ "ጣፊያዬን አገኛችሁት?" ይሉናል። የጫማዬ ተረከዝ የተበላ እንደሆነ አስወልቀውኝ እዚያው ይመቱልኛል። ቀጠሯቸው የሚደርስበትን ቀን እጠብቅ ነበር።

አንድ ሰኞ ጠዋት ባለቤታቸው እትዬ መሪማ በታክሲ አመጧቸው። የደም ግፊታቸው አይነበብም፤ እጃቸው በረዶ ሆኗል። ካንቀጠቀጣቸው አንድ ቀን አልፎታል።

"ምነው እትዬ፣ ትናንት ሳያመጧቸው?" አልኩ።

"ትኩሳት ቢሆንማ መቼ እናድር ነበር ሲስተር? ያልሽውን መች ረሳን? ምች ነው የመታው፤ ፀሐይ ላይ ቆሞ በልቶ። ዳማከሴ ጨምቄ አጠጣሁት፣ ተከናንቦ ተኛ።"

ግሉኮስ ሰቀልን፣ መርፌ ወጋን። ከቀትር በፊት አረፉ።

እትዬ መሪማ ምንም አላጠፉም። የነገርኳቸውን በትክክል ይዘዋል። በቤታቸው ግን ትኩሳት ሌላ፣ ምች ሌላ ነበር፤ እኔም የአዲስ አበባ ልጅ ሆኜ ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ ስመክራቸው ግን ምችን በስሙ አልጠራሁትም።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። በአብነት ሳልፍ ዓይኔ ዛሬም ጋሽ ሰይድን ይፈልጋል። ሰፈሩ ተለውጦ እንኳ ይናፍቁኛል፤ አንድ ጊዜ "ጣፊያዬን አገኛችሁት?" ቢሉኝ እወድ ነበር።

ከእሳቸው በኋላ ጣፊያው የወጣለትን ሁሉ "ትኩሳት ቢኖርህ፣ ብርድ ብርድ ቢልህ፣ ምች መታኝ ብትል፣ በዚያው ሰዓት ና" እለው ነበር። በሽተኛ የሚመጣው በራሱ ቋንቋ ለተነገረው በሽታ ነው።