እማማ አፍንጫ ያሸተቱት ዓሣ

በዓሣ ተራ ለአዲስ ገዢ የሚሰጠው ምክር አንድ ነበር፤ ከእማማ አፍንጫ ኋላ ቁም። እሳቸው ያነሡትን አንሣ፣ ጥለውት ያለፉትን እንዳትነካ። ዋጋ ሲከራከሩም ጥልቅ አትበል፣ ያስቀነሱት ላንተም ይተርፋል። አሮጊቷ የዓሣውን ጉንጭ ገለጥ አድርገው፣ አፍንጫቸውን ደቅነው ዓይናቸውን ሲጨፍኑ፣ ስንቱን ያጭበረበረ ሻጭ ፈተና ላይ እንደተቀመጠ ተማሪ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል።

ይሄ አፍንጫ ነው እንግዲህ በጉንፋን ተዘግቶ የቀረው። ጉንፋኑ ለቀቃቸው፣ ሽታ ግን አልተመለሰም። ሳሙናውም፣ ነጭ ጋዙም፣ የልጅ ልጃቸው ፀጉርም አንድ ሆኑባቸው። ለማንም ትንፍሽ አላሉም። የሚኖሩት በልጃቸው ቤት፣ ከማድ ቤቱ ጥግ ባለች ጠባብ ክፍል ነው። ምራታቸው ክፉ ሰው አይደለችም፤ ብቻ ክፍሏ ለልጆቹ ማጥኛ ብትሆን ደስ እንደሚላት ደጋግማ ተናግራለች። ልጃቸው አፏን የሚያስይዛት እናቱ አስቤዛ ባይገዙ ቤቱ እንደማይቆም እየነገረ ነው። አስቤዛው ከቀረ የሚጠብቃቸው እህታቸው የሞቱበት የአረጋውያን መጦሪያ ነው፤ ያንን ደግሞ ሄደው አይተውታል።

ስለዚህ በዘዴ ያዙት። የዓሣውን ዓይን ያያሉ፣ ሥጋውን በጣት ይጫናሉ፣ ከሁሉ በላይ የሻጩን ፊት ያነባሉ። ሲያሞግስ ይሸሻሉ፣ ሲከለክል ሙጭጭ ይላሉ። ሻጭ ይቅርብዎ ካለ ለሌላ ደንበኛ ደብቆታል ማለት ነው። ዕድሜ ልካቸውን ከአፍንጫቸው ጋር ይሄንንም ደንብ ይዘው ነው የገዙት።

አንድ ቅዳሜ ጎርናናው ዘንድ ቆሙ። ጎርናናው ከእሳቸው ጋር ሲነታረክ ፀጉሩ የሸበተ ዓሣ ሻጭ ነው። አንዱን ወፍራም ዓሣ ሲያነሡ ጎንበስ ብሎ ያንን ጎርናና ድምፁን ቀነሰ።

«እማማ፣ እሱ ለእርስዎ አይሆንም። የሚጣል ነው።»

ከኋላቸው ሰው ተሰልፏል። አዲሷ ጎረቤታቸው ትንሿን ልጇን በእጇ ይዛ አንገቷን አስግጋለች። እማማ ዓሣውን አሸተቱ። ምንም የለም። አፋቸው ግን የለመደውን ተናገረ። ይሄን ብልጠት እሱ ሳይወለድ እንደሚያውቁት ነገሩትና ለሁለት እንዲከፍለው፣ ግማሹን ለጎረቤታቸው እንዲጠቀልል አዘዙት። ሰዉ ሳቀ። ጎርናናው ፊታቸውን ትክ ብሎ አየና ዓሣውን ለሁለት ከፍሎ ጠቀለለው። በሰው ፊት ያንን አፍንጫ ተከራክሮ የረታ የለማ።

መንገድ ላይ ግን ፊቱ አልለቅ አላቸው። ሲሸጥ የሚያሳየው ፊት አልነበረም። ድርሻቸውን ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ጣሉና፣ ቤት ገብተው ዛሬ ደህና ዓሣ አጣሁ አሉ። ከዚያ ወደ ጎረቤታቸው በር ሄዱ። ዘይቱ ሲንጫጫ ከውስጥ ይሰማል። እጃቸውን ለማንኳኳት አነሡ። ምን ሊሉ ነው? አላሸትም ሊሉ? እጃቸውን መለሱ፤ እግዜር ይይላቸው፣ መለሱ።

ሕፃኗ በማግስቱ ሆስፒታል ገባች። አባቷና የሰፈሩ ሰው ጎርናናውን ከበቡት። አስጠንቅቄ ነበር፣ እሳቸውን ጠይቁ አለ። ሁሉም ወደ እማማ ዞረ።

«እኔ ያሸተትኩት ሌላ ነው» አሉ። «ሲጠቀልል ቀየረው።»

ሰዉ ያመነው ያንን አፍንጫ ነው። የገበያው ሹሞች የጎርናናውን ሱቅ አሸጉት፤ እሱም እዚያው ገበያ የሌሎችን ሣጥን መሸከም ጀመረ።

ሕፃኗ ዳነች፤ ጠውልጋ፣ የእናቷን ቀሚስ ይዛ ለመቆም እንኳ እየተንገዳገደች። እናቷ እሷን ይዛ እንደገና ዓሣ ተራ ስትመጣ በቀጥታ ወደ እማማ ሄደች። አንድ ዓሣ አንሥታ አፍንጫቸው ሥር ደቀነችላቸው።

«እማማ፣ እስቲ ያሽትቱልኝ። ከእንግዲህ እርስዎ ያላሸተቱት ቤቴ አይገባም።»

አሮጊቷ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ትንፋሻቸውን ሳቡ። ምንም። ዓይናቸውን ሲገልጡ ጎርናናው ሣጥን ተሸክሞ፣ መንገድ እስኪለቁለት ፊት ለፊታቸው ቆሟል። መጀመሪያ እሳቸውን አየ። ቀጥሎ ሕፃኗን አየ። ከዚያ ዓሣውን አየና፣ ማንም ሳያይ፣ በአገጩ ብቻ ደህና ነው አላቸው።

«ጥሩ ነው፣ ውሰጂው» አሉ እማማ አፍንጫ።