አዲሱ ሞዴል የወጣ ዓመት

የሰፈሩ ሰው «ጆሮ» ይለዋል። መካኒክ ነው፤ ኮፈን ሳይከፍት ሞተሩን አንድ ደቂቃ አዳምጦ በሽታውን ይናገራል። ተሳስቶ አያውቅም፤ ቢሳሳትም አያምንም። ልቡ ግን ያለው ታላቅ እህቱ ጋራዥ ውስጥ በቆመችው ቀይ የውድድር መኪና ላይ ነው። የእህቱ ባል ትቶላት ያለፈ ሀብት ናት፤ ባለሁለት ወንበር፣ ማርሿ በእጅ የሚገባ። ጆሮ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄደ ሲያስነሳትና ዘይቷን ሲቀይርላት ኖሯል።

እህቱ ልብስ ሰፊ ናት። የምትሰፋበትን ክፍል ባለቤቱ ሊሸጠው ነው፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ካልገዛችው ከነስፌት መኪናዋ መንገድ ላይ መውጣቷ ነው። ስለዚህ ቀይዋን መሸጥ ነበረባት።

ታዲያ ልክ በዚያ ሰሞን ቀይዋን የሠራት ፋብሪካ አዲሱን ሞዴል አያወጣ መሰላችሁ! አንድ ምላሱ ጤፍ የሚቆላ የመኪና ደላላ እየሮጠ መጣ።

«እትዬ፣ አዲስ ሲመጣ አሮጌው ይረክሳል። ዛሬ ካልሸጡ ነገ የሚሸጡት ቆርቆሮ ነው!»

እውነትም በሁለት ሳምንት ዋጋዋ በሩብ ወረደ።

ጆሮ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ አዲሱን ሊያይ ወደ መሸጫው አዳራሽ ሄደ። ሻጩ አስነሳለት፤ ድምፅ የለም፣ በባትሪ ነው የሚሠራው። ማርሹስ? ራሱ ይቀይራል። ጆሮ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ እየሳቀ ተመለሰ።

«እትዬ፣ እንዳትሸጪ።»

«ዋጋው ሲወርድ እያየህ?»

«አሁን የሚሸጡት የደነገጡት ናቸው። አዲሱ ይፈጥናል፣ አልካድኩም። ግን ሥራውን ሁሉ ራሱ ነው የሚሠራው። ነገ በእጄ ማርሽ ላስገባ የሚል ሀብታም የት ይሄዳል? እንደሷ ያለ ዳግም አይሠራም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።»

«ከተሳሳትክ ክፍሌ ሄደ ማለት ነው።»

«አልሳሳትም።»

እህቱ አኮረፈችው። ደላላው ደግሞ «ጭረቷን እንሸፍንላት» ብሎ ቀለም ቀቢ ይዞ ከች አለ። ጆሮ የጋራዡ በር ላይ ቆመ። «የፋብሪካ ቀለሟ ከተነካ የድሮ መኪና ሰብሳቢ ዞር ብሎ አያያትም! ሂዱልኝ!» ብሎ ሁለቱንም አባረራቸው።

አዲሱ በወጣ በዘጠነኛው ወር ቀይዋን ፈላጊ በዝቶ የእህቱ ስልክ ይጮህ ጀመር። አንድ ሰብሳቢ መጥቶ የቀለሟን ውፍረት በመለኪያ እየዞረ ለካ፤ ከፋብሪካ እንደወጣች ናት። አዲሱን ሞዴል ገዝቶ በሦስት ወር እንደሰለቸው ራሱ ተናገረ። የሰጠውም ዋጋ አዲሱ ከመውጣቱ በፊት ከነበረው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ደላላው ሳያፍር «እኔስ መቼ አጣሁት» አለ።

እህቱ ፈርማ ስታበቃ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። «ልክ ነበርክ፣ ወንድም ዓለሜ። ክፍሉ የኔ ሆነ!»

ጆሮ ደስ አለው፤ ኮራም። ሰብሳቢው «እስኪ አንዴ አስነሳልኝ» ብሎ ቁልፉን ሲሰጠው ግን ከመግባቱ በፊት የበሯን እጀታ በእጅጌው ወለወለ። ተሳስቶ ቢሆን ኖሮ የሚፈልጋት አይገኝም ነበር፤ እዚያው ጋራዥ ቆማ የሱ የቅዳሜ ጓደኛ እንደሆነች ትቀር ነበር። አስነሳት፤ እስክትሞቅ አዳመጣት፤ ከዚያ ወርዶ በሩን ለሰውየው ያዘለት።

«ጠዋት ጠዋት ሁለተኛ ማርሽ ትንሽ ያስቸግራታል» አለው። «እባክዎ አያስገድዷት።»