ለቅሶ የተከለከሉት አክስቴ

ያሳደጉኝ አክስቴ ስለ ምንም ቢጠየቁ መልሳቸው «እንደተባለው ነው» ነበር። ድሮ እንዲህ አልነበሩም።

በቀይ ሽብሩ ጊዜ አንድያ ልጃቸውን ላምበረት መንገድ ዳር ተገድሎ ተጥሎ አገኙት። ሊያነሡት ጎንበስ ሲሉ አጠገቡ የቆሙ ዘቦች በሰደፍ መልሰዋቸው አስከሬኑን በመኪና ጭነው ሄዱ። በሳምንቱ የቀበሌው ሊቀመንበር ስብሰባ ላይ አስነሣቸው።

«ልጅዎ የት ነው?»

«ገደላችሁት። በዓይኔ አይቼዋለሁ።»

«ያዩት ሌላ ሰው ነው፤ ልጅዎ ሸፍቷል። ይድገሙት! አለዚያ ይቺንም እንወስዳታለን» ብሎ ወደ እኔ ጠቆመ።

አክስቴ አዩኝና «እንደተባለው ነው፤ ሸፍቷል» አሉ። ተሰብሳቢው እንዲያጨበጭብ ታዘዘ፤ አጨበጨበ።

ከዚያ ወዲህ ጥቁር አልለበሱም፤ ለቅሶም አልተቀመጡም። ሲያለቅሱ ሰምታ የምትናገር ጎረቤት ተመድባባቸው ነበር። ሐኪም እንኳ «የቱ ጋ ያምዎታል?» ሲላቸው ያንኑ መለሱለት።

ባለፈው ወር እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ቀበርናቸው። ሊቀመንበሩም መጥቶ ነበር። አፈር ሲለብሱ ወደ ለቀስተኛው ዞሮ፣ «እናቱን እንኳ ሳይቀብር የቀረ፣ ምን ዓይነት ጨካኝ ልጅ ነው!» አለ። ሁሉም አንገቱን ደፋ።

አሁን ባዶ መደባቸው ላይ ተቀምጬ ለሁለቱም አለቅሳለሁ። ሰው ሲጠይቀኝ ግን «ለአክስቴ ነው» እላለሁ።