የማሚቶ ተራ

መምህሯን «እንዝርት» ነበር የምንላት፤ ስትሾር ነዋ የምትውለው! አስተማሪ ሆና ወንበሯ አቧራ የለበሰ እሷን ብቻ ነው ያየሁት። እኔ የክፍሏ ሞግዚት ነኝ፤ አፍንጫ እጠርጋለሁ፣ የጫማ ክር አስራለሁ፣ የሚያለቅሰውን አባብላለሁ። መጀመሪያ ስትመጣ፣ ለምን እዋሻለሁ፣ ታናድደኝ ነበር። ቁጥር በእግር ይቆጠራል እንዴ? ሰሌዳው ላይ ሦስት ትጽፍና «ተነሱ!» ትላለች፤ ሕፃናቱ ሦስቴ መሬቱን ይደልቁታል። «በ»ን ደግሞ እግራቸውን ከፈት አድርገው ቆመው ራሳቸው ይሆኗታል። «ልጅ ተቀምጦ ሲውል ጆሮው አብሮ ይተኛል» ትለኛለች። አይ እንዝርት!

ከክፍሉ ጀርባ ስብርባሪ ወንበር የታጨቀበት መጋዘን አለ፤ ቁልፉ ከዳይሬክተሩ ኪስ አይወጣም። ልጆቹ ሲደልቁ ድምፁ ከግድግዳው ወዲያ ይመለሳል። «ማናት?» ብለው እንዝርትን ጠየቋት። «የገደል ማሚቶ ናት» አለቻቸው ሳታስበው። አለቀ! ማሚቶ የምትባል ልጅ ግድግዳው ውስጥ ትኖራለች ተባለ። ጠዋት ጠዋት ሰላም ይሏታል፣ በግድግዳው ስንጥቅ ብስኩት ያጎርሷታል። ጉንዳኑን የምጠርገው ግን እኔ ነኝ።

የእህቴ ልጅ ብቻ አትነሳም። ከእህቷ ጋር መንታ ነበሩ። ገመድ ሲዘሉ ታላቂቱ ትጀምራለች፣ ይቺኛዋ ዳር ቆማ ተራዋን ትጠብቃለች። ታላቂቱን ትኩሳት ነጠቀን። ከቀበርናት ወዲህ ይቺኛዋ አልራመድም አለች፤ አቅፌ አመጣታለሁ፣ አቅፌ እመልሳታለሁ። ሐኪሙ እግሯ ምንም የለበትም ብሏል። እንዝርት በየቀኑ ፊቷ ተንበርክካ «ዛሬስ አንነሳም እናቴ?» ስትላት መልሷ አንድ ነው።

«ተራዬ አልደረሰም።»

ይሄን በሰማሁ ቁጥር ወንበር ላይ እንደተቀመጠች ልትሞትብን ነው ብዬ እፈራ ነበር።

አንድ ቀን ዳይሬክተሩ ተቆጥተው መጡ። «ይሄ ትምህርት ቤት ነው ወይስ ወፍጮ ቤት? ከነገ ጀምሮ ተቀምጠው ይማሩ!»

«ልጆች ናቸው እኮ፣ እንዴት አድርገው...» አለች እንዝርት።

«ተናገርኩ!»

በነጋታው ሕፃናቱ እጃቸውን አጣምረው ተቀመጡ። ዳይሬክተሩ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ክፍሉ ጭር ብሏል። እንዝርት ሰሌዳው ላይ ሦስት ጻፈች።

ከግድግዳው ወዲያ ድው... ድው... ድው አለ።

የገደል ማሚቶ ትመልሳለች እንጂ አትጀምርም!

«ማነው እዚያ የገባው?» ዳይሬክተሩ ቁልፋቸውን እያንቀጫቀጩ ሮጡ፤ እኔም ተከተልኳቸው። በሩን ከፈቱት። ወንበርና አቧራ ነው ያለው፤ አቧራው ላይ የአንድ ሰው ዱካ እንኳን የለም። ዓይናችን እያየ፣ ከባዶው ወለል፣ ድው አለ እንደገና። ሰውዬውን ላብ አጠመቃቸው። እኔማ እግሬ አውጪኝ ብዬ ወደ ክፍላችን!

ስገባ የእህቴ ልጅ ጠረጴዛውን ጨብጣ ለመነሳት ትፍጨረጨራለች።

«አክስቴ፣ ተራዬ ደረሰ።»

ይሄን ቃል እኮ ሽማግሌ ነው የሚናገረው፣ መሞቻው ሲቀርብ። ጮኼ ላቅፋት ስል እንዝርት ክንዴን ያዘችኝ። «ተያት!» አለች፤ እሷም ታለቅስ ነበር።

ቆመች። ጉልበቷ ከዳት፣ ደግማ ቆመች። ከዚያ ዘለለች። እንደገናም ዘለለች። ግድግዳው አልመለሰላትም። ሕፃናቱ ማንም ሳያዛቸው ተነስተው አብረዋት መሬቱን ደለቁት። ዳይሬክተሩም ተመልሰው መጥተው አዩ፤ ስለመቀመጥ ከዚያ ወዲህ አንስተው አያውቁም።

ወደ ቤት በእግሯ ነው የሄደችው፣ እጄን ይዛ። መልሱን እየፈራሁ ጠየቅኳት። «ማሚቶ ዛሬ ስትዘልዪ ለምን ዝም አለች?»

«እህቴን ደክሟት ነዋ» አለችኝ። «እኔ አልነሳም ስል እኮ የኔንም ተራ እሷ ነበረች የምትዘልልኝ።»